ኢልሃም ለአባቷ ያበሰለችው አንጮቴ

ኢልሃም ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ ቤት ተከራይታ ማስተማር ከጀመረች ወዲህ አባቷ ሙሐመድኑር ከአንገር ጉቲን ሊጠይቋት ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። ከደስታዋ ብዛት መቀመጥ አቅቷት ከማለዳ ጀምራ ጓዳ ውስጥ ጉድ ጉድ ትል ነበር። ጎረቤቷ አዴ ኢቢሴ የወለጋውን ሥራ ሥር፣ የአንጮቴን አሠራር ሊያሳዩዋት መጥተዋል።

«ጥሬውን እንዳትልጪው፤ ይኼ ሥር የሚቀቀለው ከነልጣጩ ነው» አሏት።

ሲበስል አብረው ልጠው በሙቀጫ ወቀጡት። ኢልሃም የተነጠረ ቅቤ ስታፈስበት ቤቱን የኮረሪማ ሽታ ሞላው። ቀምሳ «አዴ፣ እንዴት ይጣፍጣል» አለች፤ አባቷ እስኪደርሱ ቸኮለች።

አባቷ ግን ምግቡ ሲቀርብላቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ እኔ ሥራ ሥር አልበላም። ወደ ጉቲን ሳንሰፍር በፊት፣ በድርቁ ጊዜ ወሎ ሳለን ከዱር እየቆፈርን የበላነው ይበቃኛል።»

አዴ ኢቢሴ ጠጋ ብለው «ኦቦ ሙሐመድኑር፣ ይኼ እኮ የድግስ ምግብ ነው። እኛ የምናቀርበው ለሠርግና ለክብር እንግዳ ነው» አሏቸው።

ኢልሃም ከቅቤው አጥቅሳ ጉርሻ ዘረጋች። «በእኔ ሞት አባ፣ አንዴ ብቻ።»

ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። ቀስ ብለው አላመጡ፤ ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«የዱሩን አይመስልም» አሉ እየሳቁ።

ኢልሃም እንባዋ እየመጣ ጨምራ ልታመጣ ወደ ጓዳ ሮጠች። ስትመለስ አባቷ አዴ ኢቢሴን «ጉቲን ቢተከል ይበቅል ይሆን?» እያሉ ይጠይቋቸው ነበር።