የጋሼ ምትክ

ጋሼን የገደላቸው በረኪና ነው።

አትደንግጡ፤ ጋሼ ሰው አልነበሩም። ሆዳቸው በጥጥ የተሞላ፣ አንድ ጆሯቸው በመታኘት ብዛት የሳሳ፣ ግራጫ የጨርቅ ዝሆን ነበሩ። ስሙን ያወጣችላቸው ሚጣ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዝሆኑ በዕድሜ ይበልጠኛል ብላ ስለምታምን አንቱ እያለች ነበር የምታናግራቸው። «ጋሼ ራት በልተዋል?» «ጋሼ ዛሬ አኩርፈዋል፣ እንዳትነኳቸው።» እኛም እሷን ላለማስቀየም አንቱ ማለት ለመደብን፤ ምን እናድርግ!

በረኪናውን ያፈሰሰባቸው ደግሞ የገዛ አባቷ ነው። አባቷ በያጅ ነው፤ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ከሚጣ እናት ጋር ከተለያዩ ዘጠኝ ወር ሆኗቸዋል፤ አሁን የሚኖረው ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሚጣ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ዘንድ አደረች፤ ጋሼን አንገታቸውን አንቃ አደረች። እሑድ እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ በጥድፊያ ጋሼ አልጋ ሥር ተረስተው ቀሩ። ሰኞ ማለዳ በያጁ አገኛቸውና ደግነት ተነሣበት። «አጥቤ አዲስ አደርጋቸዋለሁ» አለ። መቼም የብቸኛ ወንድ አጣጠብ ታውቁታላችሁ። የሥራ ቱታውን በሚዘፈዝፍበት ባልዲ የፈላ ውሃ ሞላ፣ በረኪናውን ሳይለካ ለቀቀው፣ ጋሼን ደፈቃቸውና ሥራ ሄደ። ከሥራ ተመልሶ ሊጨምቃቸው ሲል ሆዳቸው እጁ ላይ ተዘረገፈ።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። የሚጣ እናት ናት።

«ጋሼ አንተ ጋ ናቸው አይደል?»

«አሉ» አላት። መኖሩንስ አሉ፤ ባልዲ ውስጥ።

«ተመስገን! ልጅቷ እኮ ትናንት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ስማኝ፣ ቅዳሜ ጋሼ ከሌሉ አንተ ጋ አታድርም፤ እኔም አላስገድዳትም። ቀን ቀን እየዋለች ትመለሳለች፣ በቃ።»

«በቃ» የምትለዋ ቃል አንጀቱ ውስጥ ገባች። ስልኩን ዘግቶ ክፍሉን ዞሮ አየ። ሁለት ወንበር አለ፤ አንዱ ላይ እሱ ይቀመጣል፣ ሌላው ላይ የመሣሪያ ሻንጣው። ከሥራ ሲገባ ሬዲዮኑን የሚከፍተው የሰው ድምፅ እንዲሰማ ብሎ ነው፤ ምን እንደሚባል እንኳ አያዳምጥም። በዚህ ሁሉ መሃል አንዲት ትንሽ የብረት አልጋ አለች፤ ራሱ በይዶ፣ ማዕዘኗን ሞርዶ፣ ሁለት ጊዜ ሮዝ ቀለም የቀባት። ሚጣ ካላደረችባት ያቺን አልጋ ባየ ቁጥር ምን ሊሆን ነው? እውነቱን እንናገር፣ ሰውዬው ብቸኝነት እየገደለው ነበር፤ ቅዳሜን እየቆጠረ ነው ሳምንቱን የሚገፋው።

ማክሰኞ ሱቅ ለሱቅ ዞረ። ድብ ሞልቷል። ባትሪ የሚበላ ውሻ አለ። ዝሆን የተገኘው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሰማያዊ ሆኖ ሆዱን ሲጫኑት ይዘፍናል። ኧረ ጋሼና ዘፈን! ባዶ እጁን ተመለሰና ፎቁ ሥር ያለችውን ልብስ ሰፊ በር አንኳኳ።

«እትዬ፣ ዝሆን ይሰፉልኛል?»

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም በመነጽሯ አናት አየችው። «ወንድሜ፣ ጤና ነህ?»

ጋሼን ከፌስታል አወጣቸው።

«ውይ! ምን አድርጎህ ነው?» አለች፤ አሁን መኪናዋ ቆመች። ታሪኩን ሰምታ ስትጨርስ ከጀርባዋ የተቆለለውን የተማሪዎች ዩኒፎርም አሳየችው። «ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው። ቀና ብዬ ውሃ የምጠጣበት ጊዜ የለኝም። ራስህ ስፋው።»

«እኔ መርፌ ይዤ አላውቅም።»

«ብረት ከብረት ታጣብቅ የለም እንዴ? ጨርቅ ምን ይከብድሃል!»

እንዲህ ብላ ከሱሪ የተረፈ ግራጫ ጨርቅ፣ መርፌና ክር ሰጠችው፤ እየሰፋችም በቃሏ አስተማረችው። የአሮጌውን ስፌት ፍታ። ቁራጮቹን አድርቀህ ተኩስ። አዲሱ ጨርቅ ላይ አንጥፈህ በደረቅ ሳሙና ዙሪያቸውን አስምርና ቁረጥ። መልኩን ወደ ውስጥ አድርገህ ስፋ፣ ኋላ ትገለብጠዋለህ። ሆዱ ላይ ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍት ቦታ ተው፤ ጥጡ የሚገባው በዚያ ነው። በያጁ አንድ በአንድ ደገመላት፤ ጎበዝ አለችው።

ከረቡዕ ጀምሮ የምሳ ሰዓቱ የጋሼ ሆነ። ብየዳ ቤቱ ጥግ፣ የተገለበጠ በርሜል ላይ ቁጭ ብሎ ቁራጮቹን ደረደረ። የተፈታ ጨርቅ ታውቃላችሁ፣ ከስፌቱ መስመር ወዲያ ዙሪያውን የጣት ውፍረት የሚያህል ትርፍ አለው። የጋሼ ትርፍ ደግሞ ተልተሏል፣ ክር ክር ብሏል። በያጁ ይህን ሲያይ እጁን በላው። ሃያ ዓመት ሙሉ የተቆረጠ ብረት ጠርዝ ላይ ሸካራ ነገር አይቶ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ሞርዶ ያነሣዋል። መቀሱን አነሣና የጋሼን ትርፍ በሙሉ፣ መርፌው የወጋበት ቀዳዳ ድረስ፣ ልቅም አድርጎ ቆርጦ ጣለው። ከዚያ የቀረውን አዲሱ ጨርቅ ላይ አንጥፎ አስምሮ፣ ልክ በልክ ቆረጠ። ሥራው አማረበት። ለራሱም ፈገግ አለ፣ የኔ ሞኝ!

መርፌው ግን ሌላ ጉድ ነው። ብየዳ ያጠነከራቸው ጣቶቹ መካከል እየጠፋበት፣ ክሩን ለማሾለክ ብቻ ሰባት ጊዜ ምራቅ አስነካው። እንዳያልቅበት ፈርቶ ክሩን ክንድ ሙሉ ሲያስረዝመው ይተበተባል፤ ሲያሳጥረው ያልቅበታል። ቀለም ቀቢው፣ የሥራ ባልደረባው፣ ምሳውን እየበላ ይመለከተዋል።

«እማማ፣ ሹራቡ መቼ ይደርሳል?»

«ዝም ብለህ ብላ።»

አንድ ነገር ግን ማንም ሳይነግረው አወቀ። የበር ፍሬም ከመበየዱ በፊት አራቱን ማዕዘን ነጥብ ነጥብ አድርጎ እንደሚያስይዘው ሁሉ፣ ዝሆኑንም እግሩን፣ ጀርባውን፣ ኩምቢውን በአንዳንድ ስፌት አስያዘው፤ ከዚያ ሙሉውን ዞረው። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ሲያልቅ ዝሆኑ ዙሪያውን ግጥም ብሎ ተሰፍቶ ነበር። ግጥም! ክፍት ቦታ የሚባል ነገር የለም። በያጅ ቀዳዳ መተው አያውቅበትማ፤ ቀዳዳ የተተወ በርሜል ያፈሳል። ቀለም ቀቢው በሳቅ ሞተ። በያጁ ዓርብን የዝሆኑን ሆድ በመፍታት ጀመረ።

ከዚያ ገለበጠው። በሦስት ጣት ቀዳዳ በኩል መጀመሪያ አንድ እግር፣ ቀጥሎ ጆሮ፣ ቀጥሎ ራስ ወጣ። ወጥቶ ሲያልቅ በያጁ መዳፉ ላይ አስቀምጦ አየው። ስፌቱ ከዚህም ከዚያም በልቶት፣ ዝሆኑ የጋሼን ወገብ እንኳ አያክልም። እግሮቹ ቀጥነዋል። ኩምቢው እርሳስ አክሏል።

ከሥራ ሲወጣ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሮጠ። አየችና ሳቀች። «ትርፉን የት አደረስከው? ስፌት እኮ የሚይዘው ትርፉን ነው!» ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋን ዋጠች። «ለነገ ነው?»

«ለነገ።»

«ጨርቁም አልቋል። በል ና፣ ቢያንስ ሆዱን እንሙላው።» ጥጥ በትንሽ በትንሹ ቆንጥሮ፣ ከኩምቢው ጀምሮ፣ በእርሳስ ጫፍ መግፋት እንዳለበት አሳየችው። ጥጡን ያመጣው የራሱን ትራስ ተርትሮ ነው፤ ሌላ ከየት ያመጣል? ዓይኑን በጥቁር ክር ሰፋለት። አንዱ ዓይን ትንሽ ወደ ላይ ወጣ፤ ዝሆኑ ሁልጊዜ የሚገረም መሰለ።

ቀለም ቀቢው መላ ሰጥቶት ነበር። «ታጥበው ገቡ በላት። ልጅ ምን ታውቃለች!» በያጁ ሌላ አማራጭ ስላጣ፣ ይህንኑ በልቡ ሲለማመድ ቆየ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እናቷ ሚጣን በሩ ድረስ አመጣቻት፤ እሷ አልገባችም። «ማታ ደውሉልኝ» ብላ ሄደች። ሚጣ ጫማዋን ወርውራ ወደ አልጋዋ ሮጠች።

«ጋሼ የታሉ?»

በያጁ ዝሆኑን ከጀርባው አወጣው። «ታጥበው... ትንሽ ገቡ» አለ።

ሚጣ ተቀበለችው። አገላበጠችው። አሸተተችው። «ጋሼ አይደሉም» አለች። «ይሄ አንተን አንተን ይሸታል።»

ሰውዬው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። በረኪናውን፣ ባልዲውን፣ ሁሉንም ነገራት፤ አንድም አልደበቀም። ሚጣ ዝሆኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«አመማቸው?»

«አላመማቸውም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

አለቀሰች። እሱ ጀርባዋን ይደባብሳል፤ ሆድ ብሶት የራሱንም እንባ ይውጣል። አልቅሳ ሲወጣላት ዝሆኑን እንደገና አነሣችው።

«ማን ሰፋው?»

«እኔ።»

«ውሸት!»

ጣቶቹን ዘረጋላት። መርፌ የወጋውን አንድ በአንድ ቆጠረች፤ አሥራ አንድ ላይ ስትደርስ መቁጠር ሰለቻት። «ትንሽ ስለሆነ ማሙሽ ይባላል» አለች። አንቱታውም ቀረ። ከዚያ በኋላ ቀኑ እንዴት እንደሄደ! ማሙሽ መስኮት ላይ ወጣ፣ ማሙሽ ወደቀ፣ ማሙሽ የበያጁ ጫማ ውስጥ ተኛ። ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሬዲዮኑን የከፈተው የለም። በያጁ በልቡ «ታድራለች» አለ፤ ታድራለች፣ ታድራለች።

ጀምበር ስትጠልቅ ሚጣ ጫማዋን ራሷ አደረገች፤ ግራውን በቀኝ።

«ለእማዬ ደውልላት።»

እደሪ የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ መለሰው። ላያስገድዳት ለራሱ ምሎ ነበርና ደወለ። ሚጣ ማሙሽን ሮዟ አልጋ ላይ አጋደመችው፣ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ሳበችለት።

«አትወስጂውም?»

«አልወስደውም። ይደርልህ። አንተ ብቻህን ነህ።»

የመኪና ጥሩምባ ከታች ተሰማ። ደረጃው አፍ ላይ ሲደርሱ ሚጣ እጁን ሳብ አድርጋ ዝቅ አደረገችው፤ አፏን ወደ ጆሮው አስጠግታ በሹክሹክታ ተናገረች።

«አባዬ፣ ማሙሽ ተኝቶ እያለ እንዳትሄድበት። ሲነቃ ሲያጣህ ይፈራል።»

በያጁ ከሚጣ እናት ቤት ሻንጣውን ይዞ የወጣው ሚጣ ተኝታ ሳለ ነበር። እንዳታለቅስ ብሎ ነው፤ በእግሩ ጣት እየተራመደ፣ በሩን እንኳ ድምፅ እንዳያሰማ ደግፎ ዘጋው። ከሠራው ሁሉ ይህችን አንዷን እንደ መልካም ሥራ ይቆጥራት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ስትነቃ ምን እንደሆነች፣ ስንት ጊዜ እንደጠራችው፣ በየትኛው ክፍል እንደፈለገችው፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ማንንም ጠይቆ አያውቅም።

«አልሄድም» አላት በመጨረሻ።

«እሺ» አለች፤ ደረጃውን እየቆጠረች ወረደች። የመኪናው በር ተዘጋ።

ራቱን የሚበላው ማዶ ካለው ምግብ ቤት ነው። ጃኬቱን ለበሰ፣ ቁልፉን ያዘ፣ በሩን ከፈተ። ከዚያ ወደ አልጋዋ ዘወር ብሎ አየ። በሩን መልሶ ዘጋው። የመሣሪያ ሻንጣውን ከወንበሩ አውርዶ፣ ወንበሩን አልጋዋ አጠገብ አስጠግቶ ተቀመጠ። በዚያ ምሽት ራት አልበላም።