ከአርባ ቤት አንድ ጭስ

በእኛ አገር እሳት አይገዛም፤ ይጫራል። ማታ ሴቲቱ ፍሙን በአመድ ትዳፍናለች፣ ጠዋት ገልጣ ታነደዋለች። የጠፋባት እንደሆነ ደጅ ወጥታ የማን ቤት እንደሚጨስ ታይና ገል ይዛ ትሄዳለች። «እሳት አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የለም፤ ጭስ ከታየ ይገባል። ስለዚህ ቤት የሚቆጠረው በጭሱ ነው፣ ግብርም የሚጣለው በጭስ ነው። ይህን ያወጣው ጣልያን አይደለም፤ እሱ መጥቶ ያገኘውን ነው የወሰደው።

እኔ እሸቴ በዚያ ዘመን የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነበርኩ። መሬቴ ጠባብ፣ ጉልበቴ መካከለኛ፣ ምላሴ ግን ረጅም። ከደብረ ታቦር ወደ ጉና መውጫ ባለችው በአስታ ጊዮርጊስ «እስቲ እሸቴ ይናገር» ሳይባል የሚበተን ሸንጎ አልነበረም። ዛሬ ሳወራው ያሳፍረኛል እንጂ፣ ያኔስ በጣም ነበር ደስ የሚለኝ።

ጣልያን ደብረ ታቦር ላይ ምሽጉን በሠራ በሁለተኛው ዓመት፣ በጳጉሜን፣ ከቅዳሴ በኋላ ወይራው ሥር ተሰበሰብን። ጭቃ ሹማችን አያሌው ከምሽጉ ትእዛዝ ይዞ መጥቷል። ጭቃ ሹም ማለት የላይኛው የሚቆጣው፣ የታችኛው የሚሰድበው ሰው ነው፤ አያሌውም ፊቱ እንደዚያ ነበር።

«ኅዳር ሃያ ይቆጥሩናል» አለ። «ከዚያ ከአፋፉ ላይ ሆነው፣ በመነጽር። አርበኛ ስለሚፈሩ አይወርዱም። ከታየው ጭስ ሁሉ ለምሽጉ ሁለት ሁለት ዳውላ ገብስ።»

ጉምጉምታ ተነሣ። ሁለት ዳውላ አርባ ቁና ነው። ከጉና ሥር፣ በዚያ ውርጭ፣ አርባ ቁና የሰጠ ገበሬ ለልጆቹ የሚተርፈው ገለባው ነው።

«ሌላም አለ» አለ አያሌው። «መንግሥት ለመምህራን የወር ደመወዝ ይሰጣል። የኔታ ምሽጉ ድረስ ወርደው ከተመዘገቡና በቤተ ክርስቲያን የመንግሥትን ደግነት ከተናገሩ፣ በየወሩ ሊሬ ያገኛሉ።»

ሁሉም ወደ የኔታ አስረስ ዞረ። የኔታ ከዋድላ የመጡ የድጓ መምህር ናቸው፤ ሚስት የላቸው፣ በአገሩ ዘመድ የላቸው። ስናመጣቸው ከአርባው ቤት በዓመት አንዳንድ ቁና ገብስ ልንሰጣቸው ተዋውለን ነበር። ዋሱ እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት ጦርነት ነው ተባለ። በሁለተኛው በረዶ ነው ተባለ። እውነቱን ልናገርና፣ ሁሉም ጎረቤቱ የሰጠ እየመሰለው አንድም ቤት አልሰጠም። የኔታ የሚበሉት ተማሪዎቻቸው ለምነው የሚያመጡትን ቁራሽ ነበር፤ ያም እየቀነሰ ሄደ።

ሸንጎው ጦፈ። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት አያ ዘውገ ከድንጋያቸው ሳይነሡ ተናገሩ።

«ድሮ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ነበር። ይኼ ንጉሥም አይደል። ከኔ ጎተራ ዝቆ ለየኔታ ሲሰጥ፣ ሰጪው ማን ሊባል ነው?»

ሙላቴ ግን ፈራ። «እንክፈል ነው የምለው። ያልከፈለውን አገር አቃጥለውታል።»

«ዘንድሮ ሁለት ብለው ከርሞ አራት ቢሉሳ?» አሉት አያ ዘውገ።

«ከርሞስ ማን ያውቃል? ቤቴ ግን ዛሬ ነው ያለው።»

ያኔ እኔ ተነሣሁ። ጋቢዬን አጣፋሁ። «የሚቆጥሩት ጭስ አይደለም ወይ?» አልኳቸው። «ታዲያ ጭስ አንስጣቸው። በዚያ ቀን አርባው ቤት እሳቱን ያጥፋ። ከብቱንም ልጁንም ይዘን አስታው ጫካ ውስጥ እንግባ። ጣልያን በመነጽሩ ውርጭ ቆጥሮ ይመለስ።»

ሳቁ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተሰማ። ሲስቁልኝ ሰማይ የደረስኩ መሰለኝ። ሳቁ ሲበርድ የኔታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። እሳቸው በሸንጎ ተናግረው አያውቁም።

«ልጄ እሸቴ» አሉኝ። «እኔ የማውቀው ዜማ ነው፤ ነገር አላውቅም። ያ መንግሥት እከፍላለሁ ይላል። እናንተም እንከፍላለን ትላላችሁ። የቱን ልመን?»

መልስ አላጣሁም፤ ምነው ባጣሁ ኖሮ። «የኔታ፣ የጣልያን እንጀራ በልተው የጊዮርጊስን ማኅሌት ሊቆሙ ነው? ኅዳር አጋማሽ እህሉ አውድማ ሲገባ የሁለቱ ዓመት ገብስ ከደጅዎ ይሰፈራል። ዋስዎ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው በአንተ አፍ አድሬያለሁ፤ አልወርድም» ብለው ተቀመጡ። ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት ይህንን ነው።

ምክራችንን በግዝት አሰርነው። ቄስ ሞላ መስቀላቸውን አንሥተው፣ «ኅዳር ሃያ ጎሕ ከቀደደ ፀሐይ እስክትጠልቅ በዚህ ደብር እሳት ያነደደ፣ በሕይወት ያለ ሰው ሁሉ ውግዝ ይሁን» አሉ። አሜን አልን። የኔታም አሜን ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

በመስከረም ተማሪዎቻቸው ራባቸውና ወደ ጣራ ገዳም ሄዱ። መነኮሳቱ እንደሚያበሏቸው ሰምተው ነው። የኔታንም ይሂዱ ብለዋቸው ነበር፤ ቃል ሰጥቻለሁ ብለው ቀሩ። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በሬዎቼን ስነዳ የቤታቸው ጣሪያ እንደማይጨስ አየሁ። አየሁና ምን አልኩ? «የኔታ ከወዲሁ እየተለማመዱ ነው» ብዬ ለባለቤቴ ለትርንጎ ቀለድኩላት።

እሷ አልሳቀችም። «ቁራሽ ላድርስላቸው?» አለችኝ።

«ገብሱ ሲደርስ ባንድ ላይ ይወስዳሉ።»

ገብሱ ደረሰ። ኅዳር አጋማሽ ተወቃ። አሁን እህል ሲጓዝ ቢታይ ወሬው ምሽግ ይገባል፣ ከቆጠራው በኋላ ይሁን ተባባልን። ይህንንም ያልኩት እኔ ነኝ።

ኅዳር ሃያ ጎሕ ሳይቀድ ምድጃችን ላይ ውኃ አፈሰስን። አርባ ምድጃ ባንድ ጊዜ ሲጠፋ ምን ዓይነት ዝምታ እንደሚመጣ ሰምቶ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ዶሮዎቹ አንድ ጊዜ ጮኹና አቆሙ። ትርንጎ ከእናቷ እናት ጀምሮ ጠፍቶ የማያውቅ እሳት ነበር ያጠፋችው፤ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ እጇን አመዱ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ወጥተን አስታው ውስጥ ገባን፤ ልጆቹ የራሰ ገብስ እየቆረጠሙ።

ፀሐይ ስትወጣ አገራችንን ከሩቅ አየናት። ሌላ ጊዜ እሳት ያደረበት ጣሪያ ውርጭ አይዝም፤ የዚያን ቀን ሁሉም ጣሪያ ነጭ ነበር። ሰው ያልኖረባት አገር ትመስላለች። አፋፉ ላይ የጣልያኑ መነጽር ብልጭ ሲል ታየኝ። ልቤ በኩራት ሞላ።

«እሸቴ» አለች ትርንጎ። «ያ ምንድን ነው?»

ከየኔታ ቤት ጭስ እየወጣ ነበር። ቀጭን፣ ሰማያዊ፣ ነፋስ የማይነካው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሄዳል።

ቀጥሎ ሽታው መጣ። የተቆላ ገብስ ይሸታል። ያን ያህል ርቀት፣ ነፋስ በሌለበት፣ አፍንጫችን ሥር እንደሚቆላ ሆኖ ሸተተን። አንድ ሕፃን «ቆሎ» ብሎ አለቀሰ።

«ሸጡን» አለ ሙላቴ። «ለሊሬው ብለው ሸጡን።»

ንዴቴን መቻል አልቻልኩም። ዱላዬን ይዤ በገደሉ ሥር፣ ከአፋፉ በማልታይበት በኩል ወረድኩ። ትርንጎ ገል ይዛ ተከተለችኝ። እሷ እንግዲህ ጭስ ማየቷ ነው፤ ከዚያ ሌላ በአገሩ እሳት የለም።

ደጃፉ ስደርስ ቀና አልኩ። ጭሱ ከሳሩ መሐል ይወጣል፤ ሳሩ ላይ ያለው ውርጭ ግን አልቀለጠም። ዱላዬን አስቀመጥኩ። ለምን እንዳስቀመጥኩት አላውቅም።

በሩን ገፋሁ። የኔታ አጎዛቸው ላይ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል። ከሞቱ ሳምንት ሳይሆናቸው አይቀርም፤ የጉና ብርድ ጠብቋቸዋል። ከሰውነታቸው የቀረው አጥንት ነው። ምድጃው ላይ ሸረሪት አድርቷል። አመዱን በእጄ ነካሁት፤ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ቤቱ ውስጥ የጭስ ጭላንጭል አልነበረም፤ የገብሱ ሽታ ግን እዚያ ውስጥ አንገት የሚያንቅ ነበር። ትርንጎ ገሏን እንደያዘች ተንበርክካ ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስኩ።

አያሌው ከጣልያኖቹ ዘንድ ከአፋፉ ወርዶ እያለከለከ ደረሰ። ወደ ውስጥ አይቶ አማተበ። ወጥቶ ጣሪያውን አየ፤ እንደገና አማተበ።

«አንድ ጭስ ብለው ጽፈዋል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የጭሱን ባለቤት ስም አምጣ፣ ካላመጣህ ወርደን እናያለን ብለውኛል። ምን ልበላቸው?»

ሞተዋል ቢል፣ ታዲያ ማን አነደደው ብለው ይወርዳሉ፤ ወርደውም በጫካ ያለውን ሁሉ ያገኛሉ። ደግሞስ በምን ሞቱ ቢሉት? በአርባ ቤት ሰው መካከል፣ አውድማው ሞልቶ፣ በራብ?

«የኔታ አስረስ በላቸው» አልኩት። «ግብሩን የሚያደርሰው ዋሳቸው እሸቴ ነው በል።»

ጣልያኖቹ ሲመለሱ ሕዝቡ አንድ በአንድ ወረደ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ጭሱን ያያል። አያ ዘውገ ቆባቸውን አወለቁ። «ግዝቱ የያዘው በሕይወት ያለውን ነው» አሉ።

ማንም ማንንም አላዘዘም። ሙላቴ ቀድሞ ቤቱ ሄደና አንድ ቁና ገብስ አምጥቶ ደጃፉ ላይ ቆዳ አንጥፎ ገለበጠ። ሌላው ተከተለ። በሁለት ዓመት ያልተሰበሰበው ገብስ ከቀትር በፊት ተሰበሰበ፤ ማንም በረዶ ነው፣ ጦርነት ነው አላለም። ሠላሳ ዘጠነኛው ሲገለበጥ ሁሉም ወደኔ አየ። ዋሱ፣ አፈኛው፣ የራሴን ቁና አንድ ቀን ሰጥቼ አላውቅም ነበር። አምጥቼ ገለበጥኩ፤ ሁለት ዳውላ ሞላ። ቀና ስንል ጭሱ የለም።

የኔታን ከቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቅ ቀበርናቸው። ፀሐይ ስትጠልቅ ትርንጎ ተመልሳ ሄዳ ያንን ቀዝቃዛ አመድ በገሏ ገለጠችው። ከሥሩ ፍም ነበር። ሳትጮኽ ጫረችውና ወጣች። አርባው ቤት ከእሷ ጫረ።

በማግስቱ ገብሱን በአህያ ጭኜ ደብረ ታቦር ወረድኩ። በሕይወት ሳሉ ያልደረሳቸው እህል በስማቸው ለጣልያን በቅሎ ገባ። የምሽጉ ጸሐፊ የአገራችን ሰው ነው፤ መዝገቡን አይቶ ደስ አለው።

«ሌላው ሁሉ ሲሸሽ እኚህ መምህር ብቻቸውን ቀርተው ግብራቸውን ከፈሉ» አለኝ። «መንግሥት ይህን አይረሳም። ደመወዛቸውን መጥተው እንዲወስዱ ንገራቸው።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩት።

ጣልያን ከወጣ ብዙ ዘመን ሆነ። ግብር ዛሬም አለ፣ መምህርም አለ፣ ሸንጎም ወይራው ሥር ይቀመጣል። ነገሩ ሲጠብቅ አንዳንዱ የማያውቅ ጎረምሳ «እስቲ አያ እሸቴ ይናገሩ» ይላል። እነሣለሁ፣ ጋቢዬን አጣፋለሁ። አፌን ልከፍት ስል የተቆላ ገብስ ይሸተኛል፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ።