ነፋሱ ወደ የብስ ይነፍስ ነበር

ጀሊል የደወለው ሮቤ ገበያ ገብስ ሳስመዝን ነበር። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ጅቡቲ፣ ኦቦክ ላይ ዓሣ ማስገር ከጀመረ ዓመት አልሞላውም። ሞተሩን አጥፍተው፣ ጀልባዋን ውሃው እንደወሰዳት እየለቀቁ ነው መንጠቆ የሚጥሉት። ያን ቀን መንጠቆውን ሰብስበው ሞተሩን ቢያስነሱት እምቢ አለ።

«የብሱ ይታየኛል» አለኝ። «ነፋሱም ወደዚያው ነው። ሽማግሌው ባለጀልባ ግን መልህቅ ጥሎ ቁጭ ብሏል። ውሃው እስከ አሥር ሰዓት ወደ ውጭ ይሸሻል፣ ከዚያ ተመልሶ ራሱ ያስገባናል ይላል።»

እኔ ከወንዝ በቀር ውሃ አይቼ አላውቅም። ግን አጋርፋ አውድማ ላይ ሃያ ዓመት ገብስ በመንሽ ያዘራ ሰው ስለ ነፋስ ማንን ይጠይቃል?

«ሰውዬው ፈርቶ ነው» አልኩት። «ነፋሱ ወደ የብስ ከነፈሰ ምን ያስቆማችኋል? መልህቁን ንቀሉ።»

ሽማግሌው ሲጮህ በስልኩ ሰማሁ። ጀሊልና ሌላው ሠራተኛ ግን የመልህቁን ገመድ ጎተቱ። እኔም የገብሱን ገዢ አስቁሜ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆየሁ።

ትንሽ ቆይቶ የጀሊል ድምፅ ተለወጠ። «ሳላሀዲን፣ ሽርጤ ወደ የብስ ነው የሚውለበለበው። እኛ ግን እየራቅን ነው።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ወላሂ እየራቅን ነው። ውሃው ከሥር ይዞን እየሄደ ነው። መልህቁን መልሰን ብንጥለው ገመዱ መሬት አልደረሰም።»

ደነገጥኩ ማለት አይበቃም። በነፋስ የሚገፋ ነገር ነፋሱን ተቃውሞ ሲሄድ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ዝም ማለት ሲገባኝ ግን ዝም አላልኩም።

«ጀልባዋ ከብዳ ይሆናል» አልኩት። «ነፋስ የሚወስደው ቀላሉን ነው፤ ገለባው ሲሄድ ፍሬው አይቀርም?»

ስልኩ ተቋረጠ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በጀሊል ስልክ ሽማግሌው ደወለ። አማርኛው ስብርብር ያለ ነው። ውሃው፣ እንዳለው፣ አሥር ሰዓት ላይ ተመልሶ እሱንና ሌላውን ሠራተኛ ከነጀልባዋ የብስ አስጠግቷቸዋል።

«ጀሊልስ?»

«አልጠበቀም። ‹ነፋስ ቀላሉን ይወስዳል› አለ። ባዶ ጀሪካን አቅፎ ባሕር ገባ። ያዝኩት፣ አመለጠኝ። ዛሬ ጀሪካኑን ብቻ አገኘን።»

እናታችን እስከ ዛሬ፣ «ዋና የማይችል ልጅ ምን ብሎ ውሃ ውስጥ ገባ?» እያለች ትጠይቀኛለች። እኔም አላውቅም እላታለሁ።