ሳይወለወል የቀረው አምባሳደር

«እጅህን አሳየኝ!» አለች ፒሺ።

ኒታይ ሁለት እጁን ዘረጋ። ፒሺ፣ የአባቱ ታላቅ እህት፣ መዳፎቹን አገላብጣ አየች፣ ከዚያም ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች። አባቱ ሞቶ አስከሬኑ ከተቃጠለ ጀምሮ ልጁ ዘይትና ቅባት የሚባል ነገር መንካት የለበትም። ሳሙናም የለ፣ ምላጭም የለ፣ ጫማም የለ። ትከሻው ላይ ጣል ያደረገው መርፌ ያልነካው ነጭ የሐዘን ጨርቅ ነው፤ አንገቱ ላይ ደግሞ ክፉ ነገር እንዳይጠጋው የብረት ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ይህን ሁሉ ሕግ ካህኑ ራሱ እንደ ፒሺ አያውቀውም።

«ሰም ሰም ትሸታለህ።»

«ቤቱ ነው የሚሸተው። ዕድሜውን ሙሉ መኪና ላይ ሰም ሲቀባ የኖረ ሰው ቤት ምን እንዲሸት ፈለግሽ? ጽጌረዳ?»

«ምላሱን እዩልኝ! ይሄ ምላስህ...» አለችና የቀረውን ዋጠችው።

የዋጠችውን ኒታይ ያውቀዋል። ምንጣፉ ላይ ተደርድረው ጎረቤት ያፈላውን ሻይ ፉት የሚሉት ሴቶችም ያውቁታል፤ ሰሞኑን ሌላ ሹክሹክታ የላቸውም። «ሙት አለው፣ ሞተ» ነው ወሬው። እውነትም ብሎታል።

በሰሜን ካልካታ አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ ሃራዶን ዳስን ያውቀው ነበር። ጠባቡ መንገድ ዳር፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣ በእጁ ብቻ የሚወለውል ሰው ነው። ማሽን ሲያሳዩት «ይሄ ቀለም ይበላል እንጂ መች ይወለውላል» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ድርቅናው ለብቻው ነበር። ሥራው አንድ ዓይነት ነው፣ ሥርዓቱም አንድ ዓይነት። መጀመሪያ ኮፈኖውን ብቻ በስሱ ሰም ይቀባል። ሰሙ ደርቆ ነጭ ሲለብስ፣ ጣት ሲስቡበት ጥርት ያለ መስመር ሲተው፣ ያንኑ በለስላሳ ጨርቅ ጠርጎ ያበራዋል። ከዚያ ወደ ፓራፋንጎው ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ በሩ። የቀባውን ሳይጠርግ ሌላ አይነካም። በዚያ ሙቀት ሰም ቆየ ማለት ድንጋይ ሆነ ማለት ነዋ!

ኒታይ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባቱ ጋር ነው። ባልዲ ይሸከማል፣ ጭቃ ያጥባል፣ ጎማ ያሻል። ሰሙን መጥረግ፣ ያችን መኪናው የሚያበራባትን መጨረሻ፣ አባቱ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ኒታይ ጢም አወጣ፣ አልሰጠውም። ሚስት ልትታጭለት ሲባል እንኳን አልሰጠውም።

ያን ዕለት ጠዋት የደንበኛቸውን የሾይለን ባቡን ጥቁር አምባሳደር መኪና አጥበው ጨረሱ። ኒታይ ጨርቁን አነሳ። አባቱ ከእጁ ነጠቀው።

«እጅህ ከባድ ነው፤ ትጭረዋለህ።»

«መቼ ነው ታዲያ የሚቀልልኝ? አንተ ስትሞት?»

«ባልዲውን አንሳ።»

«እንግዲያው ከጨርቅህ ጋር ብቻህን ሙት!» አለና ባልዲውን በእግሩ ደፍቶ ወደ ኳስ ሜዳ ሄደ።

ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ማን ይመልሰዋል? ከሰዓት በኋላ ኳስ ሜዳው ድረስ ሰው ሮጦ መጣ። ሆስፒታል ሲደርስ አባቱን በአንሶላ ሸፍነውት ነበር። ልቡ ነው አሉ። ኒታይ ግን ልቡን ማን እንዳቆመው ያውቃል። ከዚያ ቀጥታ ወደ ወንዙ፣ ወደ እሳቱ። እሳቱንም ልጅ ነውና ራሱ ለኮሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ኒም ዛፉ አልሄደም፤ መንገዱን ሲሻገር እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። መኪናው ሸራ ለብሶ እዚያው ቆሟል።

ዛሬ ራሳቸው ሾይለን ባቡ ሙዝና ፓፓያ ይዘው ለቅሶ መጡ። ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ስለ ሃራዶን ደግነት ተናገሩ። ሲነሱ ብቻ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ «ስለ መኪናው እንዳታስብ፣ ልጄ» አሉ።

ባይሉት ይሻል ነበር። ኒታይ ማሰብ ጀመረ። ግማሹ መቼም ተጠርጓል፤ አባቱ እጁ ላይ የነበረው አንዱ ክፍል ግን ሰሙ እንዳለ ነው። ይህን ያህል ቀን ከሸራ ሥር ሲጋገር ከርሟል። ቀለሙን ይበላዋል። ሃራዶን ዳስ መኪና አበላሽቶ ሞተ ሊባል ነው፣ ያውም በልጁ ምክንያት።

ተነሳ።

«ወዴት?» አለች ፒሺ።

«ላየው ነው። አልነካውም።»

«በባዶ እግርህ? በዚህ ፀሐይ?» ጃንጥላዋን ይዛ እያጉረመረመች ተከተለችው።

ኒታይ የሸራውን ገመድ ፈታና ገፈፈው። ገፎም እንደያዘ ቀረ።

አምባሳደሩ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነበር። ኮፈኖው ነጭ፣ ጣሪያው ነጭ፣ አራቱም በሮች ነጭ። ሰም በሰም! አንድም የተጠረገ ቦታ የለም። ኒታይ አንድ ጊዜ ዞረው፣ መልሶ ዞረው፣ ከዚያ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና ሳቀ።

«ጉድ ፈላ!» አለች ፒሺ። «ልጁ አበደ! ኧረ ሰው ጥሩልኝ!»

«ሙሉውን ቀባው፣ ፒሺ! ሙሉውን!»

«ቢቀባውስ? ሥራው አይደል?»

«አንድ ክፍል ሳይጠርግ ሌላ ቀብቶ አያውቅም! በሕይወቱ!»

ከዛፉ ማዶ ሻይ የሚሸጠው ፎኪር ማንቆርቆሪያውን ትቶ መጣ። እሱ ሃራዶን የሞተ ዕለት ማታ ወደ አገሩ ሄዶ የተመለሰው ገና ዛሬ ጠዋት ነው። ኒታይን ሲያየው ትከሻውን ይዞ አምላክ ያጽናህ አለው።

«አጎቴ ፎኪር፣ አንተ ነበርክ አይደል? ምን አለ?»

«ምን አለ? እኔማ አበድክ ወይ አልኩት። ወንድሜ ሃራዶን፣ በዚህ ሙቀት መኪና ሙሉ ቀብተህ ማን ሊጠርገው ነው? አልኩት። ሳቀብኝ። ‹ኒታይ ይጠርገዋል፤ አሁን ሆዱ ሲጮህ ራሱ ይመጣል› አለኝ። ቢጭረውስ? አልኩት። ‹ከጫረው አብረን እናስተካክለዋለን፤ እኔም ስጀምር የስንቱን ጭሬያለሁ› አለ። ሻይ ጠየቀኝ፣ ስኳር አብዛበት አለ፣ እየሳቀ ጠጣ። ከዚያ በሩን እየቀባ ሳለ ነው...» ፎኪር እጁን አወናጨፈ። «ሸራውን እኔ ነኝ ያለበስኩት። አልነገሩህም እንዴ?»

«ማን ይነግረኛል!»

«አልተቆጣም ነበር?» አለች ፒሺ። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

«ማን? ሃራዶን? እንደዚያ ደስ ብሎት ያየሁት ድሮ ነው።»

እፎይ! ኒታይ ያን ሁሉ ቀን ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሳለት። አለቀሰ፣ ሳቀ፣ አፍንጫውን በእጁ ጠረገ። አባቱ ተቀይሞት አልሞተም። ሊጠብቀው ተቀምጦ፣ ሻይ እየጠጣ፣ እየሳቀ ነበር። ፒሺም ጃንጥላዋን ፊቷ ላይ ዝቅ አደረገች፤ ማልቀሷን ማን እንዳያይ እንደሆነ እንጃ።

«በል እሺ፣ ጥረገዋ!» አለች ከጃንጥላው ሥር።

«አይሆንም። ደርቋል። አዲስ ሰም በስሱ ካልቀቡበት አይለቅም።»

«ሰም ቅባት ነው!»

«ቅባት ነው።»

ፒሺ አሰበች። ሕግ የምታውቅ ሴት መውጫውንም ታውቃለች። ጃንጥላዋን ለፎኪር አስያዘችው፣ አምባሯን ወደ ክርኗ ገፋች።

«እኔ ተድሬ የሌላ ዘር ሆኛለሁ። በሕጉ የኔ ሐዘን ካለቀ ቆየ። እኔ እቀባለሁ፣ አንተ በደረቅ ጨርቅ ትጠርጋለህ። ምን ትገተራለህ? የሰሙን ቆርቆሮ አምጣው!»

እንዲህ ሆነ። መንገደኛው ቆሞ አየ። ፒሺ በሕይወቷ ከድስት ሌላ ነገር አሽታ አታውቅም፤ ሰሙን ልክ ልጅ ቅቤ እንደሚቀባ አድርጋ ለጠፈችው። «በስሱ፣ ፒሺ! በስሱ!» «ዝም በል፣ አባትህን ያሳደግኩት እኔ ነኝ!» አሮጌው ሰም እየለሰለሰ ለቀቀ። ኒታይ ጠረገ። ኮፈኖው ጥቁር ሆኖ ወጣ፣ የኒም ቅጠሎቹ እዚያ ውስጥ ታዩ። ፎኪር «ኧረ ሃራዶን ራሱ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሾይለን ባቡ ከመንገዱ ጫፍ ተመልሰው መጡና ቆመው አዩ። ኒታይ ክንዱ ዛለ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ፣ ግን ከአባቱ ሞት ወዲህ እንዲህ ቀሎት አያውቅም።

የቀረው የሾፌሩ በር ነበር።

እዚያ፣ ሰሙ ላይ፣ ቅድም ሲዞረው ያላስተዋላቸው የአምስት ጣቶች መስመሮች ነበሩ። ከመስኮቱ ሥር ጀምረው እስከ በሩ ታችኛው ጫፍ ድረስ ተስበው ወርደዋል። ሃራዶን ሲወድቅ የያዘው ይህን ነበር።

ፒሺ ሰም የነካውን እጇን አነሳች፣ መልሳ አወረደችው። «ወንድሜን» አለች።

«ይሄን ተይልኝ» አለ ኒታይ።

ቁጢጥ አለና አፉን ወደ ሰሙ አስጠግቶ ደጋግሞ ተነፈሰበት፣ እስኪሞቅ። ጨርቁ እጁ ውስጥ ነበር፤ አልተጠቀመበትም። ከትከሻው የሐዘኑን ልብስ ጫፍ ሳበና ከላይኛው ጣት ጀምሮ ጠረገ። ቀስ ብሎ፣ እየተነፈሰ፣ ጣት በጣት። በሩ ጥቁር ሆነ። ቅባቱ ነጩ ጨርቅ ላይ ቢጫ ሆኖ ወጣ።

ያን ጨርቅ ሐዘኑ እስኪያልቅ ሊቀይረው አይችልም። ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ካህኑም ያየዋል። ፒሺ ጎንበስ አለችና የጨርቁን ጫፍ ከእጁ ወሰደች፣ ቅባት የነካውን ወደ ውስጥ አጥፋ ትከሻው ላይ መልሳ ጣል አደረገችለት።