ከፎጣው ስር የተቆረጠ ዋጋ

በጅጅጋ ግመል ተራ ዋጋ በአፍ አይነገርም። ደላላና ገዢ በትከሻ ፎጣ ስር እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ ጣት ይጨበጣል፣ ጣት ይለቀቃል፣ ዋጋ ይቆረጣል። ዳር ቆሞ የሚያይ ምንም አያውቅም። ዴቅ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው በዚህ ሥራ ነው። ፓርኪንሰን የሚሉት በሽታ ቀኝ እጁን ማንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን ጣቶቹ እሱ ያላለውን ዋጋ ይናገሩ ጀመር፤ ገዢዎችም ሸሹት። እጁ የከዳው ደላላ ምን ሠርቶ ይበላል?

ሐኪሙ ዶክተር ሱዓድ፣ አጎቷን እንደምትጠራ «አደር» ብላ ጠርታ፣ እውነቱን አልደበቀችውም። «አደር ዴቅ፣ ስቴም ሴል የሚባል ነገር አለ። ገና ምንም ያልሆነ ሕዋስ ነው፤ በላብራቶሪ አሳድገው የአንጎል ሕዋስ ያደርጉታል። በሽታውን ያጠኑበታል፤ በጥቂት ሰዎች አንጎል ውስጥ አስገብተውም እየሞከሩት ነው። ግን ገና ሙከራ ነው። ዛሬ በገንዘብ ልሸጥልዎ የሚል ካለ ሌባ ነው፣ ይሽሹት።»

ዴቅ ይህንን ለፋሩቅ አጫወተው። ፋሩቅ የገበያ ሸሪኩ ነው፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ አብሮት የሠራ፣ የዴቅን ሚስት እንኳ አብሮት የቀበረ። ብዙም ሳይቆይ ፋሩቅ እየሮጠ መጣ።

«ዋላል፣ ወንድሜ፣ ያንን ሴል የሚወጋ ሐኪም ደወሌ ከተማ አገኘሁልህ! ሱዓድ ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች?»

ዴቅ አመነው። ሞኝ አትበሉት፤ ውሃ የሚወስደው ሰው አረፋ ይጨብጣል። የቀሩትን ግመሎቹን ሸጦ ተከተለው።

ደወሌ፣ አንድ ኪራይ ቤት ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ክንዱን ወጋው። «ሴሉ መንገዱን ራሱ ያውቃል፣ አንጎል ይደርሳል» አለው። ዴቅ አልሐምዱሊላህ ብሎ ፍራሹ ላይ ጋደም አለ። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን ሲገልጥ፣ ፋሩቅና ባለጋዋኑ በሩ ሥር ቆመዋል። የፋሩቅ ፎጣ ከትከሻው ወርዶ የሁለቱንም እጅ ሸፍኗል።

ፎጣው ይንቀሳቀሳል። የደላላ ድርሻ እየተቆረጠ ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ ደግሞ ከዴቅ በቀር የሚሸጥ ከብት የለም።

ከመርፌው ይልቅ ይሄ አንገበገበው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ! እየተንገዳገደ ተነሳና የሚንቀጠቀጥ እጁን ከፎጣው ስር ሰደደ። ባለጋዋኑ ደንግጦ የራሱን እጅ ሳበ። የፋሩቅን ጣቶች ዴቅ በጨለማም ያውቃቸዋል፤ ጨበጣቸው።

«ስንት አወጣሁ፣ ዋላል?»

ፋሩቅ አንገቱን ደፋ። ጣቶቹ ግን፣ የዕድሜ ልክ ልማድ ሆኖባቸው፣ ለሸሪካቸው መለሱለት። የአንዲት የከሳች ግመል ዋጋ ነበር።