ይርሳው አራስ የሆነበት ክረምት

ከዚህ በታች የምጽፈው አንዲት ጠብታ ውሸት የለበትም፤ ካለበት የቡሬ ባጃጅ ሁሉ ተሰልፎ በላዬ ይለፍ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩትም መዋሸት ስለማልችል ነው።

ባለፈው ሐምሌ ሚስቴ ንግሥቴ ቡሬ ሐኪም ቤት መንታ ወለደች። ወንዱ ገና ከመውጣቱ ጮኸ። ሴቷ ግን አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ አትሞላም፤ የኛ አገር ድንች ይበልጣታል።

«ብርድ ካገኛት አትተርፍም» አለች አዋላጇ ምሕረት። «እናቷ ወንዱን በደረቷ ይዛለች። ይቺን አንተ ያዝ፤ ሸሚዝህን አውልቅ።»

«አራስ ልሆን ነው እንዴ?»

«አዎ። ገላ ለገላ፣ ቀን ከሌት። ትንፋሿ ቢጠፋ ጀርባዋን አሸት አድርግና ቶሎ ይዘሃት ና።»

ሁለት ሳምንት እዚያው ከረምን። ልጅቱ የእናቷን ወተት መዋጥ ስትለምድ ወደ መንደር ተመለስን። እርሻው ወንድሜ ላይ ወደቀ፤ እኔ ልጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ጋቢ ተከናንቤ መደብ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጡት የሌለው አራስ!» አሉ አማቴ እትዬ ስመኝ። «በል እንግዲህ፣ የሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ነው። ክርስትና እስክትነሣ ከቤት ንቅንቅ የለም።»

«እርስዎ ብቻ ገንፎውን አያጓድሉብኝ፣ መቶም እቀመጣለሁ።»

ይህን የሰማ ጎረቤቴ አስናቀው አንድ ጠዋት ቅቤ የዋኘበት ገንፎ ተሸክሞ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ በዚያ በሬ በሚያስበረግግ ድምፁ እልልታውን አቀለጠው።

«ይርሳው፣ እንኳን ማርያም ማረችህ! ምጡ እንዴት ነበር?»

«ተወኝ፣ ወገቤን አትጠይቀኝ!»

ንግሥቴ እንኳ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። በሳቁ መሐል ደረቴ ላይ ያቺ ትንሽ ትንፋሽ ጠፋችብኝ። ጋቢውን ገለጥኩ። ከንፈሯ ጠቁሯል። አስናቀው ገንፎውን እንደያዘ ደረቀ። እኔ ግን እንደ ሐኪም ረጋ ብዬ ጀርባዋን አሸት አሸት አደረግኩ። ምንም። ደግሜ አሸሁ። አነጠሰች! ቀጥላም የለቀቀችው ጩኸት ሽንዲ ከተማ ድረስ ተሰምቷል።

ወዲያው በባጃጅ ቡሬ አደረስናት። ምሕረት ሦስት ቀን አቆይታ ሰደደችን።

ወንድሟ በአርባው ቀደማት፤ እሷም በሰማንያኛው ቀን እህተ ማርያም ተብላ ክርስትና ተነሣች። ሚዛን ላይ ሦስት ኪሎ አልፋለች።

እንግዲህ ምያለሁና አንዲት ነገር ላስተካክል። «እንደ ሐኪም ረጋ ብዬ» ያልኩትን እኔ ነኝ የጨመርኩት። እኔማ እጄ ከድቶኝ፣ አፌን ከፍቼ ቀርቼ ነበር። ጋቢዬ ውስጥ እጃቸውን ሰደው ጀርባዋን ያሹት፣ የምሕረትን ምክር ሳወራ እያሾፉ ሲሰሙኝ የከረሙት እትዬ ስመኝ ናቸው።