ለመጋዙ የተሠራች ጋሪ

መምህርቷ የመሥሪያ ክፍሉን ፊውዝ ነቅላ በእጅ ቦርሳዋ ይዛ መዞር ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ባሏ አናጢው ቁራጭ እንጨት ሲቆርጥ የጠረጴዛው መጋዝ የሸሚዙን እጅጌ በልቶበታል፤ ጣቱ ለጥቂት ነው የተረፈው።

«ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረናል» ብሎ ለመናት።

«ከኔ ጋር ነው ከመጋዙ ጋር?»

«ከሁለታችሁም።»

«የኔ ጥርስ እየረገፈ ነው፤ የሱን ግን በየወሩ ትስላለህ። እጅህ ሳይጠጋው የሚቆርጥበትን ዘዴ አሳየኝ፣ ፊውዙን እሰጥሃለሁ። አለዚያ ገዢ እፈልግለታለሁ።»

ያለችውን እንደምታደርግ ያውቃል። ሥራ የሌለበት ቀን ደግሞ ለሱ ቀን አይደለም። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን «የጀማሪ ምርኩዝ» እያለ ሲያፌዝባት የኖረውን ጋሪ ሊሠራ ቆርጦ ተነሣ። ጋሪዋ በመጋዙ ገበታ ላይ ወዲያ ወዲህ የምትንሸራተት ሰሌዳ ናት፤ እንጨቱ መደገፊያዋን ተጠግቶ ይቀመጣል፣ እጅ ከመደገፊያው ኋላ ሆኖ ሰሌዳዋን ብቻ ይገፋል።

እስረኛውን ፊውዝ ለማስፈታት ለሰሌዳዋ የሚሆነውን ኮምፔርሳቶ በእጅ መጋዝ ሲቆርጥ ላቡ ጠብ እስኪል ዋለ። በገበታው ሁለት ቦዮች ውስጥ የሚሄዱትን ቀጫጭን ጣውላዎች መላልሶ ላጋቸው፣ ሻማ ቀባቸው፣ ከሰሌዳዋ ሥር አጣበቃቸው። ሰሌዳዋ ሳትነቃነቅ ሸርተት እያለች ስትሄድ ለብቻው ሳቀ።

የኋላውን መደገፊያ በእስኳድራው ለክቶ ብሎኑን ሊያጠብቅ ሲል መምህርቷ ቦርሳዋን አንግታ ገባች።

«ቆይ እስቲ» አለች። ማዕዘን ማውጫውን ብረት ተቀብላ በጣውላ ጠርዝ ላይ አስደግፋ መስመር አሠመረች፤ ገልብጣ ከዚያው ነጥብ ሌላ አሠመረች። ሁለቱ መስመሮች አብረው ተነሥተው እንደተኳረፉ ሰዎች ተለያዩ።

«ይኼ እስኳድራ ይዋሻል።»

አናጢው ማጅራቱን አከከ። «አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ትንሿ ልጃችን ስትወለድ። ምጥ ያዛት ብለው ሲጠሩኝ እንደያዝኩት ስሮጥ ደረጃው ላይ ወደቀ።»

«ሃያ ስድስት ዓመት በጠማማ ስትለካ ኖርክ?»

«ምን ያህል እንደሚጠም ስለማውቅ ዓይኔ ያቃናዋል።»

«ትናንት ጎረቤታችንን ‹ፍቅሬ› ብሎ የጠራው ዓይን?»

አናጢው ብሎኑን በጣቱ አሽከረከረ። አሁን ነገሩ አበቃ፣ ገዢ ትጠራለች ብሎ አሰበ። እሷ ግን ቦርሳዋን አስቀምጣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ ወሰደች። ከሥር ካሉት ጣውላዎች እኩል የሚሄድ መስመር በሰሌዳዋ ላይ አሠመረች፤ መስመሩ መደገፊያውን ከሚነካበት ማዕዘን ተነሥታ በመስመሩ ሠላሳ፣ በመደገፊያው አርባ ሳንቲ ሜትር ምልክት አደረገች።

«በሁለቱ መካከል ሃምሳ ልክ ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ነው። ለስንቱ ልጅ አስተማርኩት፣ ለባሌ ሳልደርስ።»

እሷ ሜትሩን ወጥራ ያዘች፣ እሱ መደገፊያውን በመዶሻ እጀታ ነካ ነካ አደረገ።

«ትንሽ ወደኔ። ትንሽ አልኩ እንጂ። መልስ። በቃ፣ እንዳትተነፍስ።»

ብሎኖቹን አጠበቀ።

«የመጋዙ ጥርስ በየት በኩል ይወጣል?» አለች።

«እዚህ፣ ከመደገፊያው ኋላ።»

«አውራ ጣትህስ የት ነው ያለው?»

ዝቅ ብሎ አየ። እዚያው ነበር። ሳይከራከር ጥርሱን የሚሸፍን ወፍራም ግንዲላ ፈልጎ በቦታው ላይ ለጠፈበት።

ማጣበቂያው እስኪደርቅ ሁለቱም ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ፊውዙን ከቦርሳዋ አውጥታ ከመሐረቧ ፈታ ሰጠችው።

መጋዙ አንዴ አጉረምርሞ ተነሣ። አናጢው ሰፊ ጣውላ ለሁለት ቆረጠ፤ መጋዙን አጥፍቶ አንደኛውን ግማሽ ገልብጦ፣ የሁለቱንም ጠርዝ ቀጥ ባለ ጣውላ ላይ አስደግፎ ከሌላው ጋር ገጠመና ወደ መስኮቱ አነሣው። በመካከላቸው ብርሃን አልገባም። እሷም ተቀብላ አየች።

«ሌላ ቁረጥ» አለች። ቆረጠ። «ሌላ።»

አራተኛውን ቆርጦ ቀና ሲል ከጎኑ የለችም። መጋዙን አጥፍቶ እንጨት ሊያመጣ ወደ ጥጉ ሄደ።

«ምነው ዝም አለ?» የሚል ድምፅ ከወጥ ቤት መጣ።

«እንጨት እየቀየርኩ ነው።»

«ጣትህስ?»

«አሥሩም አሉ።»

«በል፣ እያሰማኸኝ ሥራ።»

ከዚያ በኋላ እንጨት በቀየረ ቁጥር ያፏጭ ጀመር።